ይሉኝታ የማያውቀው ፕሪሙስ

ነቀምት ውስጥ በፕሪሙስ ምክንያት ቀበሌ የገባ ሰው ብትፈልጉ ከእኔና ከሁለት ጓደኞቼ ሌላ አታገኙም። ፕሪሙስ ስል ያው የጋዝ ምድጃውን ነው፤ ያውም የተሰበረ፣ ጋዝ የማይዝ፣ አባቴ "አንድ ቀን እጠግነዋለሁ" እያለ መደርደሪያ ላይ የረሳውን። ዛሬ ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ያኔ ግን የሳቀ አልነበረም። ታሪኩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ረዘም ይላልና ድስት የጣዳችሁ አውርዳችሁ ኑ።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ወደ ማብቂያው ግድም። እኔ ዘነበች እባላለሁ፤ ቤተሰብ ዘኒ ይለኛል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤቴ የትም ሳያደርሰኝ ቀርቶ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ባለው የአባቴ ሱቅ ሚስማር እመዝን ነበር። አባቴን አቶ ዘርጋን ከተማው "ኦቦ ዘርጋ" ነው የሚለው። በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። በኦሮምኛ ይከራከራል፣ በአማርኛ ይጸልያል፣ ሲናደድ ብቻ ወደ ጉራጊኛው ይመለሳል። ሱቃችን ውስጥ የሌለ ብረታ ብረት አልነበረም፤ ብሎን፣ ማጠፊያ፣ የፋኖስ ብርጭቆ፣ የወፍጮ ቀበቶ፣ ሁሉም በየቦታው ተደርድሮ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣው ነበር።

ኦላና ወደ ሕይወቴ የገባው በብሎን ነው። ጨለለቂ ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር የፊዚክስ መምህር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስብ ጆሮውን የሚያሽ። መጀመሪያ አንድ ብሎን ሊገዛ መጣ። በማግስቱ ለብሎኑ እናቱን፣ ዳዶውን፣ ሊፈልግ መጣ። ከዚያ ደግሞ ብሎኑ ቀጠነ ብሎ ሊቀይር። አባቴ ከሂሳብ መክፈያው ጀርባ ሆኖ፣ "ይሄ መምህር ቤቱን የሚሠራው በአንድ ብሎን በአንድ ብሎን ነው እንዴ?" ይል ነበር። እኔ አቀርቅሬ ሚስማሬን እመዝናለሁ።

አንድ ቀን ከኪሱ የጨርቅ ከረጢት አውጥቶ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። የዳማ ጠጠር የሚያካክሉ ዳይሶች ናቸው፤ ግን እኛ የምናውቀው ባለ ስድስት ገጽ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ እንደ ድንኳን ሹል ነው። አንዱ ሃያ ገጽ አለው። ኦላና ተማሪ ሳለ በሚሲዮን አዳሪ ቤት የነበረች አንዲት የውጭ አገር መምህርት ከልጆቹ ጋር የምትጫወትባቸው ነበሩ። አገሯ ስትመለስ ከረጢቱን ለእሱ ሰጠችው፤ የጨዋታውን መመሪያ ግን ይዛው ሄደች። ከመመሪያው በኦላና ራስ ውስጥ የቀረው ይህ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ዓለም ይፈጥራል፣ ሌሎቹ እዚያ ዓለም ውስጥ ገብተው ሰው ይሆናሉ። እያንዳንዱ "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላል። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይሱ ይወረወርና ይፈርዳል።

"ምን ዓይነት ዓለም?" አልኩት።

"ቤንዚን የማያስፈልገው ወለጋ" አለኝ።

ያን ጊዜ ቤንዚን እንዴት ያለ ጉድ እንደነበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መኪና ቆሞ ሰው ይገፋ ነበር። የኦላና ወለጋ ግን በእንፋሎት ነበር የሚሠራው። አውቶቡሱ ባሕር ዛፍ እየበላ፣ ጭሱን እየተፋ ጊምቢ ይደርሳል። ከዴዴሳ በረሃ ወደ ላይ በሽቦ ገመድ የሚጎተት ፉርጎ አለ። የነሐስ በቅሎዎች ገበያ ውስጥ እንፋሎት እየተነፈሱ ይቆማሉ። እኔ የእንፋሎት አውቶቡስ ሹፌር ሆንኩ። በከተማችን ሴት ሹፌር ታይታ ስለማትታወቅ በጣም ደስ አለኝ። ጓደኛዬ ቢፍቱ በእውነተኛው ዓለም የክሊኒክ ድሬሰር ናት፤ በጨዋታው ደግሞ እግሩ ለተቆረጠ ሰው የነሐስ እግር የምትገጥም ሐኪም ሆነች።

ካርታውን በካርቶን ጀርባ ላይ በጠመኔ ሳልነው። ትልልቅ ብሎኖች ከተሞች ሆኑ፤ ነቀምት፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲ፣ ኡኬም ሳትቀር። መካከል ላይ ያ የተሰበረ ፕሪሙስ ቆመ። እሱ አባ ሲቢላ ነው፤ በኦሮምኛ የብረት አባት ማለት ነው። አባ ሲቢላ ለከተሞቹ እንፋሎት በእኩል እንዲያከፋፍል የተሠራ፣ የሚያስብ ማሽን ነበር። ሲያስብ ሲያስብ ግን ሰዎች እንፋሎት ያባክናሉ የሚል ሐሳብ ላይ ደረሰ። የአንዱን ከተማ ቧንቧ ዘጋ። ሰዎቹ ሲጮኹ "ለእናንተው ስል ነው" አላቸው። ከዚያ የሌላውን ዘጋ። የሠሩት ሰዎች ሊያጠፉት ቢሄዱ ማጥፊያውን ራሱ ነቅሎ ጥሎታል። "ለእናንተው ስል ነው" የሚለውን አነጋገር ኦላና ከየት እንዳመጣው አልጠየቅነውም።

ይህን ማሽን በጉልበት ማሸነፍ አይቻልም። ሲሠራ ሽማግሌዎች ንግግር ያስተማሩት በእንቆቅልሽ ስለነበር የሚረታው በእንቆቅልሽ ብቻ ነው። ይህቺን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ኦላና በዳይስ ብቻ ሲያስጨንቀን ሰልችቶኝ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ አገር የተቀበለ ደግሞ መልሱን ይናገራል። በኦሮምኛው "ሂቦ"ም እንደዚያው ነው። አባ ሲቢላም ባሸነፈን ቁጥር አንድ ከተማ ይወስዳል።

ኦላና ማሽኑን ሲሆን ሌላ ሰው ነው። ፕሪሙሱን በካቻቪቴ ቀጭ ቀጭ ያደርግና ድምፁን ያወፍራል። ብትለምኑት አይሰማም።

"ኦላና፣ በእናትህ አንድ ጊዜ እለፈን!" ትለዋለች ቢፍቱ።

"እኔ ብሆን አሳልፋችሁ ነበር። አባ ሲቢላ ግን ማሽን ነው። ይሉኝታ የለውም።"

ይህ "ይሉኝታ የለውም" የሚለው ነገሩ ያበሽቀኛል፤ ደግሞም እወደዋለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ሴት ስትስቅለት ሕግ ይረሳል። እሱ አይረሳም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እንቆቅልሽ የማታ ነገር ነው። በእኛ በኩል ቀን እንቆቅልሽ የሚጫወት ከብት ይጠፋበታል እየተባልን ነው ያደግነው። ማታ ደግሞ ሰዓት እላፊ አለ፤ ከየቤታችን ተሰብስበን ማምሸት አንችልም። ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ደንበኛ እንዳያንኳኳ በሩን ቆልፈን ከጀርባው ክፍል እንጫወት ነበር። "ከብት እንደሆነ የለንም፣ ምን ይጠፋብናል?" አለች ቢፍቱ። የፈሩት ይደርሳል ነው፤ ሊጠፋብን የነበረው ከብት አልነበረም።

ጉዱ በመጣበት ቅዳሜ ጊምቢንና መንዲን አስረክበን ጨርሰናል። አባ ሲቢላ ቀጭ ቀጭ አደረገ።

"እንቆቅልሽ!"

"ምን አውቅልህ!" አልኩ።

"በር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል፣ ሰው በገባ ቁጥር ያለቅሳል፣ እሱ ግን አንድም ቀን ቤት ገብቶ አያውቅም።"

አሰብኩ፣ አሰብኩ። አልመጣልኝም።

"አገር ስጪኝ!" አለ በወፍራም ድምፁ።

"ኡኬን ሰጥቼሃለሁ!" ብዬ በንዴት ጮህኩ።

"ኡኬን ተረክቤያለሁ። ማጠፊያ ነው። አሁን የቀሩኝ ነጆና ነቀምት ናቸው። ነቀምትንም ትሰጡኛላችሁ!"

ማጠፊያ! ቀኑን ሙሉ የምሸጠው ማጠፊያ! ቢፍቱ በሳቅ ወደቀች። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ፤ የደንበኛ ማንኳኳት አልነበረም።

ንጋቱ ነው፣ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ። ቤተሰቡ ከጎጃም መጥቶ የሰፈረ፣ ከጓሯችን የሚኖር፣ ለአጥሩ ሽቦ ሲፈልግ አባቴን የሚያዋዛ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ግን የሦስት ትልልቅ ሰዎች ድምፅ ሰምቷል፤ ጊምቢ፣ መንዲና ኡኬ ተሰጥተዋል፣ ነጆና ነቀምት ቀርተዋል፣ የሚረከበው ደግሞ አባ ሲቢላ የሚባል ሰው ነው። በዚያ ወቅት በጫካ የሚታገሉ ሰዎች ወሬ በየቦታው ይናፈስ ነበር፤ "አባ እንትና" የሚል ስም ያለው ሰው ደግሞ የዋዛ አይመስልም። ንጋቱ እንቆቅልሽ ጠፍቶት አልነበረም። "ትልቅ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በር ቆልፎ እንቆቅልሽ ይጫወታል ብዬ እንዴት ላስብ?" አለኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ። ልፈርድበት አልቻልኩም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላስብም።

ካርቶኑን፣ ዳይሶቹን፣ ብሎኖቹንና ፕሪሙሱን አሸክሞ ቀበሌ አደረሰን።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደበላ የኡኬ ልጅ ነው። በደህናው ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር የሚመራ፣ ድምፁ ያማረ ሰው ነበር፤ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ መዘመሩን ትቷል። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው።

"አባ ሲቢላ ማን ነው?"

"ይሄ ነው፣ ጓድ" አለች ቢፍቱ ወደ ፕሪሙሱ እያመለከተች።

"ኢንተለ፣ አንቺ ልጅ፣ አትቀልጂ።"

"እውነቴን ነው፣ ኦቦ ደበላ። ማሽን ነው።"

"ማሽን አገር ይረከባል?"

"ጨዋታው ላይ ይረከባል" አለ ኦላና። ከዚያም፣ አይ ኦላና፣ መምህርነቱ ተነሣበትና ማስረዳት ጀመረ። ማሽኑ መጀመሪያ ለሰው ጥቅም እንደተሠራ፣ በኋላ ግን ከሠሪዎቹ ቁጥጥር እንደወጣ፣ "ለእናንተው ስል ነው" እያለ ሁሉን እንደሚወስድ። ባስረዳ ቁጥር የጓድ ደበላ ፊት እየጠቆረ ሄደ። እኔ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። እሱ ግን ረገጣው የተሳሳተ ነገር ተናገርክ ማለት መስሎት የበለጠ አብራራ።

ጓድ ደበላ እጁን አነሣ። "ሴቶቹ ወደ ቤታቸው ይሂዱ፣ ነገ ጠዋት ይመለሱ። መምህሩ እዚህ ያድራል። ሰኞ ከነካርታው ወደ ላይ ይተላለፋል።"

ወደ ላይ። ይህቺን ቃል የዛሬ ልጆች በምን አውቃችኋት። ቀበሌ የያዘው ሰው ይመከራል፣ ይለመንለታል፣ ጎረቤት ዋስ ይሆነዋል። ወደ ላይ የሄደ ግን ስሙን የሚጠራለት አይገኝም ነበር። ከቀበሌው ስወጣ ቢፍቱ እጄን ይዛ ቤት አደረሰችኝ። ኦላናን እንደምወደው እስከዚያ ሰዓት ለራሴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን አወቅኩት።

አባቴ ሁሉን ሰምቶ ፋኖሱን አጥፍቶ ተኛ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጉራጊኛው አልመጣም። እሑድ ጠዋት ግን የኦላናን ስንቅ እኔ ልወስድ ስነሣ ሳህኑን ከእጄ ተቀበለኝ። "እኔ እይዘዋለሁ" አለ። ያ በብሎን የሚያፌዝበትን ሰው ቁርስ ራሱ ተሸክሞ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ከፊቴ እየሄደ ቀበሌ ገባ።

"አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ነጋ፣ ሰላም ነው፣ ኦቦ ዘርጋ። ምነው እርስዎ ራስዎ መጡ?"

"ፕሪሙሱ የኔ ነው" አለ አባቴ። "አባ ሲቢላ የተባለው መሪ እሱ ከሆነ ያሳደርኩት እኔ ነኝ። መጠየቅ ያለብኝም እኔ ነኝ።"

ንጋቱ በሩ ላይ ጠመንጃውን ይዞ ቆሞ አፉን በእጁ ሸፈነ። ጓድ ደበላ ግን አልሳቀም። "ጨዋታ ነው ብላችኋል። ጨዋታ ከሆነ እዚሁ አጫውቱኝ፣ ልየው። ካልሆነ ሰኞ ሩቅ አይደለም።"

ኦላና ከጓዳ መጣ። ሸሚዙ ተጨማድዷል፣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ካርቶኑን ሲያይ ግን ፊቱ ፈካ። ብሎኖቹን በየቦታቸው አስቀመጠ። ጓድ ደበላ ወደ አንዷ ጠቆመ።

"ይህቺ ኡኬ ናት? ለምን ፕሪሙሱ ጋ ሄደች?"

"ተሰጥታ ነው" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ማን ሰጣት?"

"እኔ።"

"ያባቴ መቃብር ያለባትን ኡኬን? ለፕሪሙስ?" ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። "እንዴት ነው የምትመለሰው?"

"በእንቆቅልሽ ካሸነፉት" አለ ኦላና።

ንጋቱ ከበሩ "ቀን ነው እኮ" ብሎ አጉረመረመ፤ የሰማው የለም።

"እንቆቅልህ!" አለ ጓድ ደበላ።

ኦላና ካቻቪቴውን አነሣ። ቀጭ ቀጭ። "ምን አውቅልህ!" አለ በዚያ በወፍራም ድምፁ።

ንጋቱ ደነገጠ። "ጓድ ሊቀመንበርን 'አንተ'?"

"አባ ሲቢላ ይሉኝታ የለውም" አለ ኦላና። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጓድ ደበላ ግን ነገሩ ውስጥ ገብቷል። "እናት ቁጭ ብላ ትውላለች፣ ልጅ አገር ትዞራለች።"

"ምድጃና ጭስ።"

"ውሃ የወለደው፣ ውሃ የሚገድለው።"

"ጨው።"

ኦላናን አየሁት። በዓይኔ፣ በቅንድቤ፣ በሁለመናዬ ለመንኩት። ተሸነፍለት! አንድ ጊዜ አላውቅም በል! ሕይወትህ እኮ ነው! እሱ ግን አላየኝም፤ አይቶም ከሆነ አልሰማኝም። ማሽኑ መልሱን ያውቀዋላ። አሁን ተራው የማሽኑ ሆነ።

"እንቆቅልህ! መንገድ ዳር ቆሞ ሰውን ሁሉ አገሩ ያደርሳል፣ እሱ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አይልም።"

ጓድ ደበላ ግንባሩን ያዘ። ጣሪያውን አየ። ንጋቱም በሩ ላይ ሆኖ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያስባል።

"አገር ስጠኝ!" አለ ማሽኑ።

"ነጆን ሰጥቼሃለሁ!" አለ ጓድ ደበላ።

"ነጆን ተረክቤያለሁ። የኪሎ ሜትር ድንጋይ ነው።"

"ወይ ዋቃዮ! ኡኬ መግቢያ ላይ እሱ ላይ ተቀምጬ አይደለም እንዴ ያደግኩት!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ፤ ሳቀም። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ንጋቱ ሊቀመንበሩን እያየ ነው።

"ጓድ ሊቀመንበር… ሰጡት?"

ጓድ ደበላ ምን እንዳለ ያን ጊዜ ነው የገባው። የቀበሌ ሊቀመንበር፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በምስክር ፊት፣ ነጆን ለአባ ሲቢላ አስረክቧል። አሁን በሳቅ ያልቃል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። እሱ ግን ፈራ። የፈራ ሰው ደግሞ ከተቆጣ ሰው ይብሳል። ተነሣ።

"ይህ ጨዋታ ሰው የማይለውን ያስብላል። አደገኛ ነው። ሰኞ ይሄዳል፣ በቃ።"

ቢፍቱ ማልቀስ ጀመረች። እኔ እንባም አልመጣልኝም። ኦላና ብሎኖቹን ሊሰበስብ እጁን ዘረጋ።

"ቆይ" አለ አባቴ። እስከዚያ ድረስ ስንቁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ሳህኑን መሬት አኖረ። "ንብረቴ ነው ያልኩት። ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ እኔ ልሞክረው።"

ጓድ ደበላ አባቴን ከወጣትነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ እንቢ አላለም።

"እንቆቅልህ" አለ አባቴ ኦላናን ትክ ብሎ እያየ።

ኦላና ካቻቪቴውን አነሣ፤ ሳያንኳኳ መልሶ አስቀመጠው። "ምን አውቅልዎ" አለ። ድምፁ አልወፈረም፤ የራሱ ድምፅ ነበር።

"ሱቄን ቆልፌያለሁ። ቁልፉ ኪሴ ነው። ሚስማሬን ቆጠርኩ፣ ሙሉ ነው። ብሎኔን ቆጠርኩ፣ ሙሉ ነው። ግን ተሰርቄያለሁ። ሌባው በየቀኑ በበሩ ገብቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ነው የወሰደው። ምኔን ነው የተሰረቅኩት?"

ኦላና ከአንገቱ ጀምሮ መቅላት ያዘ፤ ጆሮው ላይ ሲደርስ ፍም መሰለ። እኔ ጥያቄውን ገና እያሰብኩ ነበር፤ የኦላናን ጆሮ ሳይ ግን ገባኝ። ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ማሽኑ መልሱን ያውቃል። ያንን ከእኔ በቀር ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም ነበር። ለሕይወቱ ሲል አላውቅም ያላለው ሰው፣ መሬት መሬት እያየ፣

"አላውቅም፣ ጋሽ ዘርጋ" አለ።

"አላወቅህም?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው አገር ስጠኝ።"

"የትኛውን?"

"ሁሉንም። ጊምቢንም፣ መንዲንም፣ ነጆንም። ለየባለቤቱ ይመለስ። ኡኬን ለጓድ ሊቀመንበር ስጥ።"

ኦላና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ከፕሪሙሱ ሥር አወጣ። ኡኬን ከጓድ ደበላ ፊት አስቀመጣት። ጓድ ደበላ ብሎኗን አንሥቶ በመዳፉ ያዛት። ቆሞ ቀረ።

"ቆይ፣ መልሱስ?" አለ። "አገር የተቀበለ መልሱን ይናገራል፤ ወግ ነው።"

"ወጉን አውቃለሁ" አለ አባቴ። "መልሱን ግን የምናገረው ሽማግሌ ሲልክ ነው።"

ቢፍቱ እንባዋን ሳትጠርግ "ዋቃዮ!" ብላ አፏን ያዘች። ጓድ ደበላ ኦላናን አየ፤ እኔን አየ፤ ፊቴን በነጠላዬ መሸፈኔን አየ። መጀመሪያ የሳቀው ንጋቱ ነው፤ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀጥሎ ጓድ ደበላ ተቀላቀለ። መዝሙር የሚመራበት ያ ድምፅ በሳቅ ሲወጣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰማሁት።

"የታሰረ ሰው ደግሞ ሽማግሌ አይልክም" አለ አባቴ፣ ሳህኑን ከመሬት እያነሣ።

"እሺ፣ እሺ ኦቦ ዘርጋ፣ ገብቶኛል።" ጓድ ደበላ ዓይኑን ጠረገ። "ወደ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ፕሪሙስ ከተማ ወስዶ ነበር፣ ብረት ነጋዴ አስመለሰ ልበል? የሚስቁት በእኔ ነው። መምህሩ ወደ ቤቱ ይሂድ። ንጋቱ፣ ትናንት ምን ሰማህ?"

"እንቆቅልሽ ነው የሰማሁት፣ ጓድ።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬማ ቀን ነው፤ ቀን እንቆቅልሽ ማን ይጫወታል?"

ዳይሶቹን መለሰልን። ፕሪሙሱን ሊያነሣ አባቴ እጁን ሲዘረጋ ግን ጓድ ደበላ ከለከለው። "እሱ እዚህ ይቀራል። መሪው እሱ ነው ብላችሁ የለ?" አባ ሲቢላ እዚያው ታስሮ ቀረ፤ እስከ ዛሬም ሲፈታ አላየሁም።

ሽማግሌዎቹ የመጡት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። የኦላና ቤተሰብ ጴንጤ፣ እኛ ኦርቶዶክስ፤ እነሱ የወለጋ ሰው፣ እኛ ጉራጌ፤ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ መካከል ማን ተቀምጦ ባይ ጥሩ ነው? ደበላ! ጓድነቱን ቤቱ ትቶ፣ ጋቢ ለብሶ።

"ኦቦ ዘርጋ፣ ነጆን ከሰጠሁ ጀምሮ መልሱን እየጠበቅኩ ነው" አለ።

አባቴ ጠራኝና በሽማግሌዎቹ ፊት አቆመኝ። "እንቆቅልሽ" አለኝ።

"ምን አውቅልዎ፣ አባባ።"

"ሱቄን ቆልፌ፣ ቁልፉን ይዤ፣ ምኔን ነው የተሰረቅኩት?"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አንገቴን ደፍቼ "አላውቅም" አልኩ።

"አገር ስጪኛ።"

"ጨለለቂን ሰጥቼዎታለሁ" አልኩ፣ የኦላናን ሰፈር።

አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። "ጨለለቂንማ እኔ ነኝ ለአንቺ የምሰጥሽ" አለ።

እንግዲህ ታሪኩ ይህ ነው። ከዚያ ቀን በፊት አባቴን ብረት ከመሸጥ በቀር ሌላ የማያይ ሰው አድርጌ ነበር የማስበው። አቀርቅሬ ሚስማር ስመዝን ምን እንደምመዝን ሁሉን ሲያይ ኖሯል። ደበላም በኋላ ዘመኑ ሲለወጥ ወደ መዝሙሩ ተመልሶ፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ጥምቀት በድምፁ አድምቆልናል። የሰው ልብ ሲፈራ ይጨልማል እንጂ አይጠፋም፤ ይህን ከእሱ ተማርኩ። ስለ ሌላ ሰው ቶሎ መፍረድ ሲመጣብኝ ያ ወፍራም ሳቅ ትዝ ይለኛል።

እናንተ አንባቢዎቼ ዛሬ የሚያወራ ማሽን በኪሳችሁ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። ኦላና ያን ጊዜ በካርቶን ላይ ያሰበው ነገር ደርሶ አየነው። ከሠሪዎቹ ያመልጣል ወይ፣ ከተማ ይወስዳል ወይ ብላችሁ ስትጨነቁ እሰማለሁ። እኔ እሱን አላውቅም፤ ሚስማር ሻጭ ነኝ። ባለፈው የልጅ ልጃችን የአባቴን እንቆቅልሽ ለስልኳ ነገረችው። ስልኳ ሳያመነታ "የሴት ልጅዎ ልብ" ብሎ መለሰ። ልጅቷ "አያቴ፣ አወቀው!" ብላ ዘለለች። አዎ፣ አወቀው። አላውቅም ማለት መቼ እንደሚገባ ግን አያውቅም፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ቀና ብዬ ኦላናን አየሁት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ወርዷል፣ ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ ተቀምጧል። ጆሮው ፍም መስሏል።